የበረንዳ ሒሳብ

በአገራችን ልማድ ሰው ቤት ሠራ የሚባለው ግድግዳው ሲቆም፣ ጣራው ሲከደንና በሩ ሲገጠም ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ሁሉ ግን እንደ ትርፍ ነገር ስለሚቈጠር አስቀድሞ የሚያስብለት የለም፤ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይጀመራል፣ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ይቆማል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ ቋሚው ቆሞ ክዳን ያልለበሰ፣ ወይም ክዳን ለብሶ ወለሉ በክረምት ጭቃ የሆነ በረንዳ ሳያይ አያልፍም። የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ሰነፎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ደከመን የማይሉ ታታሪዎች ናቸው። የጎደላቸው ከሥራው በፊት በወረቀት ላይ የሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

ስለዚህ በረንዳን ስለ መጨመርና ስለ ወጪው አቈጣጠር፣ በቤታችን የሆነውን እያጣቀስን ጥቂት ለመናገር አሰብን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የወላጅ ጡረታ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የልጅ ትምህርት፣ የነፍስ ጉዳይ ሳይቀር ገብቶበታልና አንባብያን በትዕግሥት እንዲከታተሉን እንለምናለን።

በረንዳ የሚለው ቃል ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የተሠራውን የጣራ ጠርዝ ታዛ ይሉታል። መንገደኛ ከዝናብ የሚጠለልበት፣ እኅሉ ሲሰፈር ሽማግሌ ተቀምጦ የሚመለከትበት፣ እናት ልጅዋን ፀሐይ የምታሞቅበት ከታዛው ሥር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችንም አጥር መግቢያ ደጀ ሰላም አለ፤ ዝክር የሚቀመስበት፣ ድኻ የሚጠጋበት፣ ካህናት ከአገልግሎት በኋላ የሚያርፉበት ቦታ ነው። አበ ብዙኃን አብርሃምም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለው በመምሬ ዛፍ አጠገብ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 18 ይነግረናል። እንግዲህ የቤት ደጃፍ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የክብር ቦታ እንጂ የትርፍ ቦታ አይደለም።

እኛ ባልና ሚስት በደባርቅ የምንኖርባት ቤት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ስትሆን ታዛዋ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከአዲአርቃይና ከዛሪማ ወገን በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ደባርቅ በመጡ ጊዜ፣ አንዳንዱ በትምህርት ቤት፣ አንዳንዱ በየሰው ቤት ተጠግቶ ነበር። እኛም የተቀበልናቸውን ሰዎች ሴቶቹንና ሕፃናቱን ከውስጥ አስተኛን፤ ወንዶቹ ግን በዚያች ጠባብ ታዛ ሥር ሸራ ወጥረው ዝናቡን አሳለፉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በረንዳ የመሥራቱ ነገር ከልባችን አልወጣም። ኋላም እናታችን ከደባርቅ በታች ካለው የገጠር ቀበሌ ተነሥተው ከእኛ ጋር ለመኖር መጡ። ዕድሜአቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ዐይናቸውን ጢስና አቧራ የሚያስቸግራቸው፣ ጉልበታቸውንም ውርጭ የያዘባቸው ናቸው። ከውስጥ ሲሆኑ ጨለማና ጢስ፣ ከውጭ ሲሆኑ የስሜን ነፋስ አላስቀምጥ አላቸው። እንግዲህ ለእርሳቸው የጎደላቸው ፀሐይ የሚገባበት፣ ነፋስ የማይገባበት አንድ መቀመጫ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን በረንዳው ስንት ይፈጃል የሚለው ሳይሆን ምን ይሠራል የሚለው ነው። ሊማሊሞን ወርዶ በቆላው የሚኖር ሰው በረንዳውን በወንፊት ሽቦ የሚጋርደው ለወባ ትንኝ ነው፤ ለዚህም ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ወንፊት ያስፈልገዋል። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስላላት ጠላትዋ ነፋስና ውርጭ ነው። ወንፊት ነፋስን አይከለክልም። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ በረንዳ ነፋስ የሚበረታበት ጎኑ ከመሬት እስከ ጣራ በግድግዳ ሊዘጋ፣ ፊቱም እስከ ወገብ ድረስ በአጭር ግንብ ሊጋረድ ይገባዋል፤ ወንፊቱ ከወገብ በላይ ላለው ክፍት ቦታ ብቻ ይበቃል። ፊቱም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ቢሆን መልካም ነው፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ብርዱ በሚጠነክርበት ወራት፣ ፀሐይ በእኛ አገር ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትሄዳለችና።

ወንፊቱ በደጋ ዋና ጥቅሙ ለዝንብ ነው። ዝንብ የዐይን ሕመም የሆነውን ትራኮማን ከሰው ወደ ሰው ከሚያዛምቱት አንዱ እንደ ሆነ፣ የአማራ ክልልም ይህ ሕመም እጅግ ከጸናባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዐይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ ያልተከደነ ቤተ ሰብ ለበረንዳ ወንፊት ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡን ለመጸዳጃው መክደኛ ቢያውል፣ የልጆቹንም ፊት ጧትና ማታ ቢያሳጥብ ጥቅሙ የበለጠ ነው። እኛም በሒሳብ ደብተራችን በመጀመሪያው መስመር የጻፍነው የመጸዳጃ ቤቱን መዝጊያና ክዳን ነበር።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ያዘጋጀነው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ሐሳባችን ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ በረንዳ ነበር። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ የብር ዋጋ ከዶላር አንጻር ወረደ፤ ከውጭ በሚመጣ ብረት የሚሠራው ቆርቆሮና ምስማርም ነጋዴው ዘንድ ሌላ ዋጋ አገኘ። በሰኔ የተጻፈው ዝርዝር በመስከረም አላገለገለም። ከዚህ የተነሣ ወጪያችንን በብር መቊጠር ትተን በወር ደመወዝ መቊጠር ጀመርን፤ ይኸውም ይህ ዕቃ የስንት ቀን፣ ያ ደግሞ የስንት ሳምንት ድካማችን ነው እያልን ነው። በዚህ መስፈሪያ ሲለካ የመጀመሪያው ሐሳባችን የ9 ወር ደመወዝ ይጠይቅ ነበር። ለዚህም ጽሑፍ የብር ዋጋ ያልጻፍንበት ምክንያት ይህ ነው፤ አንባቢው እስኪያነበው ድረስ ይለወጣልና።

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 4 የሱነም ሴት ታሪክ ተጽፎአል። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በደጅዋ እያለፈ በሚሄድበት ጊዜ የሚያርፍባት ትንሽ ሰገነት እንዲሠሩለት ባልዋን አማከረች፤ በሰገነቷም ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ይኖር ዘንድ አሳሰበች። በዚህ ታሪክ ላይ የቤት ማስፋት ሕግ ሁሉ አለ። አንደኛ፣ ሴቲቱ ከባልዋ ጋር መከረች እንጂ ብቻዋን አልጀመረችም። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ለማን እንደ ሆነ ታውቆ ነበር። ሦስተኛ፣ ሰገነቷ ትንሽ ነበረች። አራተኛ፣ የሚያስፈልገው ዕቃ በቊጥር ተዘርዝሮአል፤ አራት ብቻ ነው፣ አምስተኛ የለውም። ጌታችንም በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ሲያስተምር ያሳየን፣ መሠረት ጥሎ መፈጸም ያቃተው ሰው የተመልካች መሳቂያ እንደሚሆን ነው።

ከዚህ ተምረን ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈልነው። በመጀመሪያው ዓምድ ያለ ገንዘብ የሚገኘውን፣ በሁለተኛው በገንዘብ የሚገዛውን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚረሳውን ጻፍን። የሦስተኛው ዓምድ ነገር ኋላ ይመጣል።

ወርዱን ያሳጠረልን የቆርቆሮው ልክ ነው። በገበያ የሚሸጠው የተለመደው ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር ሲሆን፣ ወርዱ ጎን ለጎን ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 3 ሜትር የሆነ በረንዳ ሁለት ረድፍ ቆርቆሮ ይጠይቃል፤ ለ8 ሜትር ርዝመት ታዛው ተጨምሮ 22 ቆርቆሮ ይሆናል። ወርዱን ወደ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱን ወደ 6 ሜትር ብናወርደው ግን አንድ ረድፍ ይበቃል፤ 20 ሴንቲ ሜትሩ ከዋናው ጣራ ሥር ገብቶ፣ ከፊት ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ታዛ ይተርፈዋል። በ8 ቆርቆሮም ያልቃል። ደግሞም በረንዳ በሰፋ ቊጥር ጣራው እየተዳፋ ስለሚሄድ የፊቱ ጠርዝ ዝቅ ይላል። የእኛ ቤት የጣራ ጠርዝ ከመሬት 2.6 ሜትር ስለሆነ፣ ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን ኖሮ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባበትም ነበር። እንግዲህ በረንዳውን በምኞት መለካት ትቶ በቆርቆሮ መለካት ወጪን ብቻ ሳይሆን ራስንም ከመመታት ያድናል። የቆርቆሮው ቊጥር ከፍ ባለ መጠን ውፍረቱ እየሣሣ መሄዱን ማወቅም ይገባል፤ 35 ቊጥር ከ30 ቊጥር ይረክሳል፤ በረዶና ነፋስ ለበዛበት ደጋ ግን ርካሹ ቶሎ ይጎዳል።

ወለሉ 6 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ማለት 9 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋይ ተደልድሎ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢፈስስበት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋና በስድስት እጅ ጠጠር ተደባልቆ፣ 1 ኩንታል ማለት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል። ሦስት ሜትር ወርድና ስምንት ሜትር ርዝመት የነበረው የፊተኛው ሐሳባችን ግን ለወለሉ ብቻ ከ2 ኩንታል ተኩል በላይ ይበላ ነበር። ለአጭሩ ግንብ ድንጋዩ በአቅራቢያችን ስላለ የሚገዛው ማመላለሻው ብቻ ነው። ለምርጉ የሚሆነው የጤፍ ጭድ ግን ደባርቅ የገብስ አገር በመሆንዋ ከወይና ደጋው መምጣት አለበትና ገንዘብ ይጠይቃል። የወንፊቱ ወርድ 1 ሜትር ስለሆነ ከአጭሩ ግንብ በላይ ያለውንም ክፍት ቦታ በዚያው ልክ 1 ሜትር አደረግነው፤ በዚህም ቁራጭ የሚጣልበት አይኖርም፣ 7 ሜትር ያህል ወንፊት ይበቃል።

ለቋሚ 5 የባሕር ዛፍ ግንድ ያስፈልግ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚጣመም አስቀድሞ ተልጦ ቢከርም መልካም ነው። ከጥንት ጀምሮ የደጋው ሰው ለቤቱ ጥድና አስታ ይቈርጥ ነበር፤ አሁን ግን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሀብት ነውና ከዚያ የሚወጣ እንጨት ርካሽ ቢሆንም ለክርስቲያን ቤት አይሆንም፤ የሕዝብ የሆነውን ደብቆ የቈረጠ ሰው ከጎረቤት እንደ ሰረቀ ይቈጠራልና።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓምድ እንምጣ። በዚህ ዓምድ የተጻፉት እነዚህ ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ፣ ቆርቆሮውን ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያመጣው አይሱዙ፣ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ የሚጠፋው ቀን፣ ከመንገድ እስከ ቤት ያለው የጋሪ ኪራይ፣ ምስማር፣ ጭቃ ለማቡካት የሚቀዳው ውኃ፣ የሠራተኛው ምሳ፣ የሚሰበር ዕቃና አሸንዳ። ብዙ ሰው የቆርቆሮና የሲሚንቶን ዋጋ ቈጥሮ ቈጠርሁ ይላል፤ በረንዳው በአፉ ላይ የሚቆምበት ግን በዚህ ዓምድ ምክንያት ነው። በእኛ ዝርዝር የሦስተኛው ዓምድ ድምር ከጠቅላላው ወጪ አንድ አራተኛ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ከዚሁ ዓምድ የሚቈጠረው ዋና ነገር የቀን መቊጠሪያው ነው። ወሩ 30 ቀን ቢሆንም እሑዶችና በዓላት ሲወጡለት የሥራው ቀን ወደ 20 ይወርዳል። መጋቢትን ብንመለከት አቦ በ5፣ መስቀል በ10፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 ነው። ይህን ሳይቈጥር ከአናጢ ጋር በቀን የተዋዋለ ሰው፣ አናጢውን በበዓል ቀን ሥራ ብሎ ከሕሊናው ጋር ይጣላል፤ ወይም ሥራው ሲዘገይ ከአናጢው ጋር ይጣላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወራት ስለሆነ ሠራተኛ አይገኝም፤ ቢገኝም ክፍያው ይወደዳል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ዝናብ ነው፤ ጭቃው አይደርቅም። እንግዲህ ለእኛ አገር የተመቸው ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። በዐቢይ ጾም የሚሠራ ሥራ ለምሳ ሥጋና ቅቤ አይጠይቅም፤ ሽሮና ንፍሮ ይበቃል። ሆኖም ጾመኛን ሰው እስከ ማታ ማሠራት ግፍ ስለሆነ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ፣ ክፍያው ግን እንዳይጎድልበት በዝርዝሩ ውስጥ አስቀድመን አገባነው።

ሁሉ ተደምሮ የታናሹ በረንዳ ወጪ የ4 ወር ደመወዝ ሆነ። ከደመወዛችን በየወሩ ከአምስት አንዱን እጅ ብናስቀምጥ ለ20 ወር መጠበቅ ነበረብን። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት አንድ ነገር ተናገረች። «ለልጆቻችን ቢሆን 20 ወር እንጠብቃለን፤ እናታችንን ግን 20 ወር ጠብቁ ማለት እንችላለን?» አለች። ይህ ቃል በወረቀቱ ላይ ካለው ቊጥር ሁሉ ከበደን።

ሥራውን በሦስት ክፍል ከፈልነው። በመጀመሪያው ክፍል መሠረቱ፣ ቋሚዎቹ፣ ክዳኑ፣ አሸንዳውና ነፋስ የሚከለክለው የጎን ግድግዳ፤ በሁለተኛው አጭሩ ግንብና ወለሉ፤ በሦስተኛው ወንፊቱና መዝጊያው ይሠሩ ዘንድ ወሰንን። እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን የሚያገለግል፣ ሌላው ቢዘገይም የማይበላሽ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ክፍል የ2 ወር ደመወዝ ይጠይቅ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ያጠራቀምነው ግን የ1 ወር ደመወዝ ብቻ ነበር። ክረምት ሳይመጣ ለመክደን የቀረውን ከየት እናምጣ? ዕቁባችን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ሴት ልጃችን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያለች ስለሆነ የእርሷን ገንዘብ መንካት የማይታሰብ ነው። በአራጣ የሚያበድር ሰው ቀርቦን ነበር፤ ይሁን እንጂ መጽሐፍ የሚያወግዘውን ገንዘብ አምጥቶ ለወላጅ ማረፊያ መሥራት በእሾህ አልጋ እንደ ማንጠፍ ስለሚቈጠር ተውነው።

እናታችን ይህን ምክራችንን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰምተውት ኖሮ፣ በማግሥቱ ከመቀነታቸው አንድ የተቋጠረ ጨርቅ ፈትተው ሰጡን። በገጠር ሳሉ ከበግና ከዶሮ ሽያጭ ለተዝካራቸው ሲያጠራቅሙት የኖሩት ገንዘብ ነው። «ልጄ፣ ከሞትሁ በኋላ በሬ ከምትጥሉልኝ፣ ሳለሁ ፀሐይ አሙቁኝ» አሉ።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አልነበረም። የተዝካር ገንዘብ የነፍስ ስንቅ ነው ተብሎ የሚከበር ነው። ደግሞም ተዝካር የልጆች ሁሉ ግዴታ ስለሆነ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ሳንጠይቅ ልንቀበለው አልወደድንም። ሰብስበን በነገርናቸው ጊዜ ታላቅ ወንድማችን ተቈጣ። «አገር ምን ይለናል? የእናታቸውን ተዝካር ቆርቆሮ አድርገው ከደኑት አይለንም?» አለ። ንግግሩ ከክብር ፍቅር የመጣ እንጂ ከክፋት አልነበረምና አልተቀየምነውም፤ ነገሩን ለንስሐ አባታችን አቀረብነው። እርሳቸውም ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ጸሎቱና ቅዳሴው የነፍስ ነው፤ ለድኻ የሚሰጠውም የነፍስ ነው። የበሬው ድግስ ግን የሕያዋን ነው። የነፍሱን ለዩና አስቀምጡ፤ የሕያዋኑን ሕያው ለሆኑት ለእናታችሁ አድርጉላቸው» አሉ።

በዚህ ቃል ተስማማን። ለጧፍ፣ ለዕጣን፣ ለዘቢብ፣ ለጸሎተ ፍትሐትና ለነዳያን ምሳ የሚሆነውን ለይተን በእናታችን እጅ መልሰን አኖርነው፤ ለበሬው የታሰበውን ተቀብለን በደብተሩ ላይ «የእናታችን ድርሻ» ብለን ጻፍን። ይህም ከጎደለው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሸፈነ። ወንድማችንም ከሳምንት በኋላ ከማሳው ዳር የከረሙ 5 የባሕር ዛፍ ግንዶች በአህያ አስጭኖ ላከልን፤ የላከበትን ምክንያት አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። የሰንበቴ ማኅበርተኞቻችን ደግሞ አንድ ቀን በደቦ ወጥተው መሠረቱን ቈፍረው ድንጋዩን አጓጓዙ። የቀረው ጉድለት በዚህ ተሞላ። አንባቢ ያስተውል፤ በመጀመሪያው ዓምድ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ብለን የጻፍነው ሁሉ ሰዎች በፍቅር የሚሰጡት ነው። እርሱም ቢሆን ዕዳ አለበት፤ ለደቦ የመጣ ሰው ቤቱን ሲሠራ እኛም አካፋ ይዘን ልንሄድ ይገባናል፤ ያም ቀን በሒሳባችን ይጻፋል።

የመጀመሪያው ክፍል ከሆሣዕና በፊት ተፈጸመ። በአሸንዳው የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ማጠራቀማችን ያላሰብነው ትርፍ ሆነልን። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውኃ ነውና፣ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ጊዜ ከበረንዳው ጣራ ብቻ ከ100 ሊትር በላይ ይገኛል፤ ከዋናው ጣራ የሚወርደው ሲጨመርበት በርሜሉ ሞልቶ ይፈስሳል። አሸንዳ ያላደረገ ሰው ይህ ሁሉ ውኃ በበረንዳው መሠረት ላይ እንደሚወድቅና የጭቃ ግድግዳውን ከሥር እንደሚበላው ይወቅ። ሁለተኛው ክፍል፣ ማለት ግንቡና ወለሉ፣ ከክረምቱ በኋላ በቊጠባ ብቻ ተሠራ። ወንፊቱ ገና ነው። ለእርሱ የሚሆነው ገንዘብ እስኪሞላ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ መጸዳጃው ከተከደነ ወዲህ ግን ዝንቡ እንደ ቀድሞው አይደለም።

እናታችን አሁን ጧት ከ2 ሰዓት ጀምሮ በመደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጠገባቸው ተቀምጠው ያነቡላቸዋል። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ ዘመዶቻችንም እህላቸውን አውርደው የሚያርፉት በዚያ ነው። አገር ምን ይላል ብሎ የነበረው ወንድማችን በመጣ ቊጥር ከውስጥ አይገባም፤ እዚያው ከጎናቸው ይቀመጣል።

እንግዲህ ቤታቸውን ለማስፋት ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድማችሁ የምትሠሩት ለማን እንደ ሆነ ተነጋገሩ። በገበያው ዕቃ ልክ ለኩ እንጂ በጎረቤት በረንዳ ልክ አትለኩ። የሚረሳውን ዓምድ ጻፉ፤ ከጠቅላላውም ላይ ከአሥር አንዱን እጅ ለዋጋ መለዋወጥ ጨምሩ። ሥራውን እያንዳንዱ ብቻውን በሚያገለግል ክፍል ከፋፍሉት። የቤተ ክርስቲያንን ድርሻ፣ የልጅን ትምህርትና የሕመምተኛን መድኃኒት በሒሳቡ ውስጥ አታስገቡ፤ እነርሱ ከበረንዳው በፊት የተከፈሉ ናቸውና። ለሞታችን የምናዘጋጀውንም በምንቈጥርበት ጊዜ፣ ከእርሱ ውስጥ ለሕያዋን ወላጆቻችን ዛሬ ልንሰጠው የሚገባን አለ ወይ ብለን የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።